ስለ ጥጓ ወታደር የተደረገ እርቅ

ጥቅምት ፳፫ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.፣ ዕለቱ ቅዳሜ፣ ሰዓቱም ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ነበር። ሰዓቱን እንዲህ አጥብቄ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። እንግሊዞች በዚያው ሳምንት መግቢያ፣ እሑድ ዕለት፣ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ መልሰው ስለ ነበር በእኔ ዕድሜ ካሉት ሰዎች ግማሹ በአዲሱ፣ ግማሹ በአሮጌው ሰዓት ይተዳደር ነበር፤ በኋላ ነገሩ ሽማግሌ ፊት ሲደርስ "መቼ ተጣላችሁ?" ተብለን በዚሁ የተነሣ ሌላ ጭቅጭቅ ገጥመናል። ያለፈውን ሰዓት መልሶ በሚሰጥ አገር እየኖርኩ፣ ያለ ቦታው የዘለለ አንድ ፈረስ የሚመልስልኝ አለማግኘቴ ነው እንግዲህ ይህን የሚያጽፈኝ።

ቦታው ሃርልስደን፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ ከማሞቂያው አጠገብ ያለችው ጠረጴዛ ናት። ባላጋራዬ ሐጂ ሰይድ ናቸው፤ የወሎ ሰው፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ። እኔ በወጣትነቴ በዩኒቨርሲቲ ሒሳብ የተማርኩ፣ ሒሳቡ ከብዙ ዘመን በፊት ጥሎኝ የሄደ፣ ከእርሱ የተረፈኝ ሰውን የማረም ልማድ ብቻ የሆነ ሽማግሌ ነኝ። ሐጂ "መምህር" ይሉኛል። አስተምሬ አላውቅም። ማዕረጉን የሰጡኝ በተዋወቅን ዕለት የሰላምታቸውን አሰካክ ካረምኩላቸው በኋላ ነው።

በዚህ ሁሉ ሕዝብ በሚተራመስበት ከተማ ውስጥ ከእኔ ጋር ሰንጠረዥ የሚጫወት ሰው አንድ ብቻ ነው። አነጋገሬን ላስተካክል፤ ከእኔ ጋር ማንኛውንም ነገር የሚያደርግ ሰው አንድ ብቻ ነው። ልጄ ሜሮን ትመጣለች፤ ነገር ግን የምትመጣው ፍሪጄን ቼክ ለማድረግ ነው። ቀሪዎቹ የዕድሜ እኩዮቼ ወይ ሞተዋል፣ ወይ አርሜያቸዋለሁ። ሐጂ ደግሞ ማንቸስተር የምትኖር ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ክፍል አዘጋጅታ፣ መጋረጃ ሰቅላ፣ "አባባ፣ ብቻህን ምን ታደርጋለህ፣ ና" እያለች ትለምናቸዋለች። እርሳቸውም "ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ይጠብቀኛል" እያሉ ይመልሷታል። እንግዲህ ሐጂን ለንደን ላይ የያዛቸው ችንካር እኔ ነኝ ማለት ነው። የችንካር ሥራ ዝም ብሎ መቆም ነው። እኔ ግን ተናገርኩ።

ጨዋታው እንዲህ ነበር። ነጩ የእኔ ነው። እንደ ደንቡ ንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ገፍቼ ወደ መሃል አስገባሁት። ሐጂ ሲጫወቱ አያስቡም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከኋላ ጥሩምባ እየተነፋባቸው ስለ ኖሩ፣ መዘግየት ነውር ይመስላቸዋል። የዚያን ቀን ግን እጃቸውን ከፍ አድርገው በሰሌዳው ላይ አንዣበቡ፣ ከዚያም በቀኝ እጃቸው በኩል ጥግ የቆመችውን ወታደር አንድ ቤት ብቻ ወደ ፊት ነካ አደረጓት።

ሰንጠረዥ ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ማስረዳት ይገባኛል። የጨዋታው መጀመሪያ እንደ ድግስ ቤት ነው። እንግዳ ሲገባ ዐይኑ አዳራሹ ላይ ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ጥሩ ወንበር ይይዛል። ሐጂ ያደረጉት ግን ድግስ ቤት ገብቶ፣ ሙሽራውንም ሳያይ፣ በቀጥታ ወደ ጓዳ አልፎ ከሽንኩርቱ ጆንያ ላይ እንደ መቀመጥ ያለ ነው። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው።

"ብቻዋን ጥግ ቆማ አሳዘነችኝ" አሉ። "ትንሽ አየር ትውሰድ ብዬ ነው።"

ይህ መልስ ያደረሰብኝን ጉዳት አሁንም በልኩ መግለጽ አልችልም። ለአንድ መከላከያ፣ ማለትም ጥቁሩ ለነጩ አጀማመር ለሚሰጠው መልስ፣ ሁለት ዐይነት ምክንያት ሊቀርብለት ይችላል፤ ወይ በስሌት ነው፣ ወይ በልምድ ነው። አዘኔታ ከሁለቱም አይደለም። ሐጂ ግን በዚሁ ቀጠሉ። የጥጓን ጎረቤትም "ጓደኛዋን ትከተል" ብለው ሁለት ቤት ገፏት፤ እርሷ በለቀቀችው ቦታ ላይም ጳጳሱን አስቀመጡ። ሐጂ "ጳጳስ" አይሉትም፤ በትሕትና "ሾጣጣው" ይሉታል። እኔ በበኩሌ መሃሉን በሙሉ ይዤ፣ ወታደሮቼን እንደ ቤተ ክርስቲያን ምሰሶ አቁሜ፣ ይህን ሥርዐት አልባነት በስንት ተራ እንደምቀጣው እያሰላሁ ነበር። ንጉሤን ገና ወደ መጠለያው አላስገባሁትም፤ ለቅጣት የተነሣ ሰው ስለ መጠለያ አያስብም። የመሃሉን ወታደር አንድ ቤት ወደ ፊት ገፋሁ። ፈረሴንም ለጥቃት አስፈነጠርሁ።

ታዲያ ወታደሩና ፈረሱ ሲነሡ፣ ከዚያኛው ጓዳ እስከ እኔ ግንብ ድረስ ያለው ሰያፍ መንገድ ወለል ብሎ ተከፈተ። ሾጣጣው ከአንድ ጥግ ተነሥቶ ወደ ሌላው ጥግ ያለ ፌርማታ ተጓዘ፤ በመንገዱ መጨረሻ ወታደሬን በላ፤ ቀጥሎም ግንቤን። ከዚያ በኋላ የሆነው ጨዋታ ሳይሆን ቀብር ነው።

መሸነፌን አልካድኩም፤ ይህ ይመዝገብልኝ። ያልኩት "ተሸንፌያለሁ፤ ነገር ግን የተሸነፍኩት በትክክለኛ መንገድ አይደለም" የሚል ነው። በሰንጠረዥ ተጫዋቾች ዘንድ አንድ መልካም ልማድ አለ፤ ጨዋታው ሲያልቅ ሁለቱም ተቀምጠው፣ እንጨቶቹን ወደ ነበሩበት መልሰው፣ ስህተቱ የት እንደ ተፈጸመ አብረው ይመረምራሉ። ሐጂን ለዚህ ጋበዝኳቸው። እርሳቸው ኮታቸውን እየለበሱ ነበር።

"መምህር፣ ሟች በምን ሞትኩ ብሎ ራሱ አይመረምርም" አሉኝ። ቀጥለውም አውቶቡስ ካለፈው ፌርማታ ሰው እንደማይጭን ተናግረው፣ ትከሻዬን መታ አድርገው ሄዱ።

እኔም ብቻዬን መረመርኩ። ኪልበርን ያለችው ፍላቴ ውስጥ ያለኝ ጠረጴዛ አንድ ነው፤ ሰሌዳው ሲያርፍበት ለሳህን ቦታ የለም። በዚያ ሳምንት ምግቤን የበላሁት ከፍሪጁ ጎን ቆሜ ነው። የመሃሉን ወታደር ባልገፋው ኖሮ፣ ፈረሱን ባላነሣው ኖሮ፣ ንጉሤን ቀድሜ ባስጠልለው ኖሮ እያልኩ "ኖሮ"ን በ"ኖሮ" ላይ ደረብኩ። እያንዳንዱ "ኖሮ" ወደ ድል ይወስደኛል፤ ድሉ ላይ ስደርስ ሐጂ አንድ ያላየሁትን ነገር ያደርጋሉ። በሌሉበትም አሸነፉኝ።

ሜሮን እሑድ መጥታ ፍሪጁን ከፈተች፤ ከዚያም እኔን አየችኝ። የሆነውን ነገርኳት። ለንደን ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ደኅና ነው፣ ትዕግሥቷ ግን እንግሊዝኛ ነው።

"አባዬ፣ ኢትስ ጀስት ቼስ" አለችኝ። "ይኼን ያህል ስትሬስ የሚያደርግህ ከሆነ አፕ ዳውንሎድ ላድርግልህ። እሱ ቼክ ያደርግልሃል።"

አደረገችልኝ። ይህ አፕ የሚባለው ነገር ጨዋታውን ከነገሩት በኋላ ማን እንደሚበልጥ በቁጥር ይፈርዳል። የጥጓ ወታደር ከተነቃነቀች በኋላ ነጩ እንደሚሻል ሲነግረኝ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ የተረዳኝ ሰው ያገኘሁ መሰለኝ። ደስታዬን ሳልጨርስ አፑ ማሰቡን ቀጠለ። ባሰበ ቁጥር የእኔ ብልጫ ቀነሰ፤ ስልኩም እየጋለ ሄደ። ከብልጫዬ ጥቂት ሲተርፍ አጠፋሁት። እንደገና ከፍቼም፣ ለእኔ ሲፈርድ ቶሎ ማጥፋትን ተለማመድኩ። ይህ ከሳይንስ መንገድ ትንሽ ዝንፍ ያለ መሆኑን አውቃለሁ።

በዚህ ዐይነት የተገኘውን ውጤት ለባለቤቱ ማሳወቅ ነበረብኝ። ረቡዕ ጠዋት ስልክ ደወልኩላቸው። ሐጂ ኪልበርን ሃይ ሮድ ላይ ሥጋ ቤት ተሰልፈው ነበር። የጨዋታውን ተራ ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩላቸው። በመሃል በመሃል "እሺ" ይላሉ። ምርመራዬ ገብቷቸው የሚመልሱልኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ አንዱ "እሺ" ለእኔ፣ አንዱ ለባለሥጋው ነው። ዋናው ነጥብ ላይ ስደርስ ተራቸው ደርሶ ዘጉት።

ያን ጊዜ በድምፅ መልእክት መላክን አሰብኩ። ሜሮን ያሳየችኝን ዋትስአፕ ከፈትኩ፤ ከላይ የሐጂን ስም አየሁ፤ ማይክሮፎኑን ተጫንኩ፤ ጉሮሮዬን ጠርጌ እንዲህ አልኩ፦ "ክቡር ሐጂ ሰይድ፣ ጤና ይስጥልኝ። የቅዳሜውን ጉዳይ መርምሬ ጨርሻለሁ። የማይገባዎትን ነው የወሰዱት። ይህንንም በሰው ፊት ለማስረዳት ዝግጁ ነኝ።" ከዚያም ማስረጃውን በዝርዝር አስከተልኩ። መልእክቱ ረጅም ነበር፤ ቅዳሴ ያህላል።

የሐጂን ስም ያየሁት ግን ትክክለኛው ቦታ ላይ አልነበረም። የዕድራችን ግሩፕ ውስጥ የመጨረሻውን መልእክት የጻፉት እርሳቸው ነበሩና ስማቸው የወጣው በዚያ ነው። የእኛ ዕድር ክርስቲያኑንም እስላሙንም፣ የሃርልስደኑንም የስቶክዌሉንም የያዘ ነው፤ ግሩፑ ውስጥ የሚነገረው ሞት ብቻ ነው፤ ሰው ካልሞተ ጸጥ ያለ ነው። ስለዚህ የእኔ መልእክት እንደ ደረሰ፣ ገና ሳይሰሙት፣ አንዳንዶች "ነፍስ ይማር" ብለው ጻፉ፤ አንዱ "ኢና ሊላሂ" አሉ፤ አንዲት ሴት ቀብሩ የትኛው መካነ መቃብር እንደ ሆነ ጠየቁ። ቀጥሎ ሁሉም ሰሙት። ከዚያ በኋላ የሆነው ጸጥታ ከሞት ዜናው ሁሉ የባሰ ነበር።

ለሜሮን ደወልኩ። ሥራ ላይ ሆና በሹክሹክታ "ዲሊት አድርገው፣ አባዬ፣ አሁኑኑ" አለችኝና ዘጋች። መልእክቱን ስጫን ስልኩ ምርጫ አቀረበልኝ፤ አንደኛው ለሁሉም ማጥፋት ነው፣ ሁለተኛው ለእኔ ብቻ ማጥፋት ነው። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ስለ ሆነ፣ ሌላውን ሰው ማስቸገር ነውር መስሎኝ፣ ለእኔ ብቻ የሚለውን ተጫንኩ። መልእክቱ ከእኔ ስልክ ላይ ጠፋ። በዚህ ዓለም ላይ ያን ንግግር መስማት የማይችል ብቸኛው የዕድር አባል እኔ ሆንኩ።

ቅዳሜ ሐጂ አልመጡም። ሰሌዳውን ዘርግቼ፣ ማሞቂያው አጠገብ፣ ቤተ መጻሕፍቱ እስኪዘጋ ጠበቅሁ። ሰኞ ደግሞ የዕድራችን ሊቀ መንበር አቶ በየነ ደወሉልኝ። አቶ በየነ የቤተ ክርስቲያናችን ሰበካ ጉባኤ አባል ናቸው፤ ድምፃቸው ሁልጊዜ ማስታወቂያ የሚያነብ ይመስላል። ሐጂ ቅር መሰኘታቸውን ነገሩኝ። አንድ ሐጂ "የማይገባዎትን ወሰዱ" ተብሎ በሕዝብ ፊት መነገሩ ቀላል ነገር አለመሆኑንም ነገሩኝ። የተወሰደው አንድ ግንብና አንድ ወታደር ነው ብል፣ ግንብ መሆኑ ይብስ ነገሩን አከበደው። በመጨረሻ፣ እንደ ዋዛ፣ ሐጂ ኪልበርን ሃይ ሮድ ላይ ትልቅ ሻንጣ ሲገዙ መታየታቸውን ጨመሩልኝ።

ሻንጣ! ስልኩን ይዤ ቁጭ አልኩ። የማንቸስተሯ መጋረጃ በዐይኔ ላይ ሄደ። ያለ ሐጂ ያለውን ቅዳሜ አሰብኩ፤ ቀጥሎ እሑዱን አሰብኩ፤ ከዚያ ወዲያ ማሰብ ተውኩ። አቶ በየነ በአገራችን ወግ መሠረት ሽማግሌ እንዲቀመጥ ሐሳብ ሲያቀርቡ፣ አንድም ቃል ሳላርም "እሺ" አልኩ።

ሽምግልናው በእኔ ፍላት ሆነ። ሽማግሌዎቹ ሁለት ነበሩ፤ አቶ በየነና ስቶክዌል የቅመማ ቅመም ሱቅ ያላቸው ወይዘሮ ዘሐራ። ሁለቱም ከእኛ በዕድሜ ያንሳሉ፤ እኛ ያለን ዕድሜ ሽማግሌ ለመሆን እንጂ ሽማግሌ ለማግኘት አይመችም። ሜሮን ሻይ ልታቀርብ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ መጣች። ሐጂ ነጭ ቆባቸውን አድርገው፣ ዐይኔን ሳያዩ ሰላም ብለው፣ ከአልጋዬ ጠርዝ ተቀመጡ። እኔ ለማስረጃ ያህል ሰሌዳውን ከነእንጨቶቹ፣ አደጋው ከመድረሱ በፊት በነበረው ሁኔታ፣ ጠረጴዛው ላይ አዘጋጅቼ ነበር። ምክንያታዊ ሰዎች ፊት እቀርባለሁ ብዬ ተስፋ ያደረግሁት እዚህ ላይ ነው።

አቶ በየነ ነገሩን ከሥሩ እንስማ አሉና "ለመሆኑ ማን ነው የጀመረው?" ብለው ጠየቁ።

"እሳቸው ናቸው" አሉ ሐጂ።

ነጭ የያዘ ሰው እንደሚጀምር፣ ይህም የዓለም ሕግ መሆኑን አስረዳሁ። አቶ በየነ ሽምግልና እንጂ ፍርድ ቤት አለመሆኑን፣ ሕግ እንዳልጠቅስ አስጠነቀቁኝ፤ መጀመሬን ግን ያዙብኝ።

ወይዘሮ ዘሐራ መነጽራቸውን አድርገው ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አዩ። ነጮቹ የማን እንደ ሆኑ ጠየቁ፤ የእኔ ናቸው አልኩ። መሃሉን ሁሉ የያዙት ነጮቹ መሆናቸውን ጠየቁ፤ በኩራት አዎን አልኩ። ጥግ ላይ ያለችው ጥቁር የማን እንደ ሆነች ጠየቁ። ሐጂ በዝግታ እጃቸውን አነሡ።

"ታዲያ ምን አደረጉዎት?" አሉኝ ወይዘሮ ዘሐራ። "መሃሉን ሁሉ ለቀቁልዎ። ጥጋቸውን ይዘው ተቀመጡ። ሰው ከዚህ በላይ እንዴት ይሸሽ?"

ይህ ሽሽት ሳይሆን መከላከያ መሆኑን፣ እንደ መከላከያም ስህተት መሆኑን ለማስረዳት ሞከርኩ። ወይዘሮ ዘሐራ ግን ድንበር እንደ መግፋት ያለ ነገር ነው ብለው ለአቶ በየነ በሹክሹክታ ነገሯቸው፤ አቶ በየነም ራሳቸውን ነቀነቁ። ማን ድንበር እንደ ገፋ መጠየቅ አላስፈለገም፤ ሁሉም ወታደሮቼ ገፍተዋል።

ምስክር አለኝ አልኩ። ስልኬን አውጥቼ አፑን ከፈትኩና ለሽማግሌዎቹ አሳየሁ። አፑ ለነጩ ፈረደ። አቶ በየነ ስልኩን ተቀብለው በእጃቸው እንደ ያዙ ግን ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። ላጠፋው እጄን ብዘረጋ አልሰጡኝም። እኩል እስኪሆን ድረስ በትዕግሥት ጠበቁ፤ ከዚያም ይህ ምስክር እፊታቸው ቆሞ ቃሉን የሚለዋውጥ መሆኑን ተናግረው መለሱልኝ። ስልኩ ግሎ ነበር፤ ያፈረ መሰለኝ።

አሁንም አንድ ተስፋ ቀርቶኝ ነበር። በሃይማኖትም በሰፈርም አቶ በየነ ለእኔ ይቀርባሉ። ጳጳሱ ግንቡን መብላቱን ስናገር ፊታቸው ትንሽ ጠቆር ብሎ ነበርና፣ ወደ እኔ ያዘነበሉ መሰለኝ። በዚህ ጊዜ ነው ልጄ፣ ትሪውን እንደ ያዘች፣ ልትረዳኝ የፈለገችው። መከላከያው ስም ያለው መሆን አለመሆኑን በስልኳ ስትፈልግ ኖሯል።

"አባዬ፣ ኢት ሃዝ ኤ ኔም። ሴይንት ጆርጅ ዲፌንስ ነው የሚባለው።"

አቶ በየነ ሻያቸውን አስቀመጡ። ለራሳቸው ተረጎሙት። ከዚያም ብድግ አሉ።

"በሰማዕቱ በጊዮርጊስ ስም የተጠራውን ነው እርስዎ ስህተት ነው የሚሉት? ያውም በእስላም ወንድምዎ እጅ ከብሮ ሳለ?"

ሐጂ ሰይድም ስለ ጊዮርጊስ ምንም እንደማያውቁ፣ ወታደሯ አሳዝናቸው ብቻ እንደ ነኳት በትሕትና ተናገሩ፤ ይህም ነገሩን ከተአምር አስቆጠረው። ወይዘሮ ዘሐራ እንኳ "አጂብ ነው" አሉ። ሁለታችን ወደ መተላለፊያው ወጥተን ሽማግሌዎቹ እስኪመክሩ እንድንጠብቅ ተደረገ። ከሐጂ ጋር፣ ኮት መስቀያው ሥር፣ ትከሻ ለትከሻ ቆምን። ስለ ሻንጣው ልጠይቃቸው ፈለግሁ። አፌን ስከፍት ተጠራን።

ፍርዱ አጭር ነበር። ተነሥቼ "ያጠፋሁ እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ" እንድል፣ ሐጂም "ይቅር ብያለሁ" እንዲሉ ነው። ስለ ጨዋታው እውነቱ ያ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢያንስ እውነቱ ገና አልታወቀም። ነገር ግን ሻንጣው አለ። ተነሣሁ፤ አልኩት። ሐጂም ዐይናቸው እርጥብ ሆኖ ይቅር አሉኝ፤ ተቃቅፈን ትከሻ ተሳሳምን። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እኔ ዛሬ ደስተኛ ሰው ነበርኩ። አቶ በየነ ግን እርቅ ያለ ቃል ኪዳን አይጸናም ብለው አስነሡንና አስደገሙን። አንዱ የአንዱን ላይነካ አልን። በቁም ነገርም በጨዋታም አልን። ወይዘሮ ዘሐራ ደግሞ ነገሩ የተነሣበትን እያሰቡ "ሰንጠረዡም ላይ ቢሆን በሉ" አሉ፤ ሰንጠረዡም ላይ ቢሆን አልን። የቃሉ ትርጉም ሳይታወቀኝ ቀርቶ አይደለም። ሰውን ሁሉ የማርም እኔ፣ በሕይወቴ ሊታረም የሚገባው አንድ ዐረፍተ ነገር ሲመጣ፣ እርቁ እንዳይፈርስ ፈርቼ ዝም አልኩ። አሜን ተባለ፤ በሁለቱም ሃይማኖት።

በማግሥቱ ቅዳሜ ሐጂ መጡ። ከበሩ ላይ ሲገቡ ባየኋቸው ጊዜ፣ ምን ያህል ሳልተነፍስ እንደ ሰነበትኩ ያን ጊዜ ገባኝ። ሰሌዳውን ዘረጋን። በአምስተኛው ተራ ላይ አንዱ ወታደሬ ለሐጂ ፈረስ ተጋለጠ። ሐጂ አዩት፤ አልፈውትም ሌላ ነገር አነሡ። ያላዩት መስሎኝ በጨዋነት አመለከትኳቸው።

"አይቼዋለሁ" አሉ። "ቃል ሰጥተናል እኮ፣ መምህር።"

መብላት የሌለበት ሰንጠረዥ ሰንጠረዥ አለመሆኑን አስረዳሁ። ሐጂ ትክክል መሆኔን አመኑ፤ ቃል ግን ቃል ነው አሉ። ንጉሤንስ መክበብ አይችሉም ወይ ብል፣ መክበብም ያው መንካት ነው፣ ከእርቅ በኋላ ሰውን መክበብ ደግ አይደለም አሉ። እኔስ ለምን አልበላኋቸውም? አንዴ ሞክሬአለሁ። ፈረሴን ይዤ ወታደራቸው ላይ ሳንዣብብ፣ ሐጂ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እንዲህ አዩኝ፤ ቁጣ የለበትም፣ ሐዘን ብቻ ነው። ፈረሱን ወደ ቦታው መለስኩት።

ከዚያ ወዲህ ሁሉም ቅዳሜ እንዲህ ሆነ። እንጨቶቻችን እንደ ሠርግ እንግዳ "ይለፉ"፣ "እርስዎ ይቅደሙ" እየተባባሉ ይተላለፋሉ። ሰሌዳው ይጨናነቃል እንጂ አይጎድልም። አንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት ለጥቂት ጊዜ ቆማ አይታን፣ ምን ዐይነት ጨዋታ እንደ ሆነ ጠይቃ፣ የኢትዮጵያ ነው ስላት በጣም ሰላማዊ ነው ብላ አመስግናን ሄደች።

ወደ አቶ በየነ ደውዬ ቃል ኪዳኑ በጥቂቱ እንዲሻሻል ለመንኩ። የታረቀ ነገር እንደገና የሚከፈተው ቅር የተሰኘ ወገን ሲኖር ብቻ መሆኑን ነገሩኝ፤ "ቅር ብሎኛል ነው የሚሉት?" ብለው ጠየቁኝ። ቅር ብሎኛል ካልኩ እርቁ ፈረሰ፣ ሐጂም ወደ ማንቸስተር ተነሡ። ቅር አላለኝም ካልኩ ደግሞ አቤቱታ የለኝም። ከሁለቱም ወገን መውጫ አጣሁ። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ቅር አላለኝም" ብዬ ዘጋሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ተስፋ ቆርጬ ንግሥቴን አነሣሁ። ከሐጂ ወታደር ፊት፣ ሕፃን ልጅ እንኳ ሊበላት በሚችልበት ቤት ላይ አስቀመጥኳት። መከላከያ የላትም፤ ወጥመድም የለም፤ ልመና ናት። ሐጂ ተመለከቷት። እጃቸው ተነሥቶ ወታደሩ ላይ ደረሰ፤ ጣታቸው አናቱን ነካ። ማሞቂያው ሲንተከተክ ይሰማኛል። እጃቸውን በቀስታ አንሥተው፣ ግንባቸውን አንድ ቤት ወደ ጎን ፈቀቅ አደረጉ።

"ይጫወቱ፣ መምህር" አሉኝ። ከከንፈራቸው ጫፍ አንድ ነገር አለፈ፤ ፈገግታ ነው ብዬ ግን መማል አልችልም።

ይህን እስከምጽፍበት ሰዓት ድረስ የጥጓ ወታደር መነቃነቅ ትክክል ይሁን ስህተት አልተወሰነም። ሐጂ ስለ ሻንጣው አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ንግሥቴን አለመብላታቸው ቃል አክባሪነት ይሁን በቀል፣ እስካሁን አልታወቀም።